አይቶ መመስከር፣ መስክሮ መፍረድ
ስለ ፊልም አስተያየት አሰጣጥ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት



በየካ ክፍለ ከተማ ከቀበና እስከ ኮተቤ፣ ከመገናኛ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉት ሰፈሮች፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶች በሚሰባሰቡበት ሁሉ ከሚነሡት ጨዋታዎች አንዱ የፊልም ጨዋታ ነው። አንዱ ሰሞኑን ያየውን ይናገራል፤ ሌላው «ስንት ትሰጠዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ከዐሥር ስምንት» ይባላል፤ አንዲቱ ደግሞ «ኧረ ከአራት አያልፍም!» ትላለች። ክርክሩ ይሞቃል፤ ታክሲው ሲመጣ ግን ነጥቡ እንደ ተሰጠ፣ ምክንያቱም እንዳልተነገረ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል።

ይህን ጨዋታ እንደ ዋዛ ልናልፈው አይገባም። ወጣቶች ስለ ፊልም ሲነጋገሩ ስለ ፍቅርና ስለ ክህደት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሥልጣን፣ ስለ ወላጅና ስለ ልጅ ያላቸውን አሳብ ይገልጣሉ። ፊት ለፊት ቢጠየቁ የማይመልሱትን በተዋናዩ ስም ይናገሩታል። ከዚህም በላይ የተመልካች አፍ ትልቅ ኃይል አለው። አንድ ፊልም በሲኒማ ቤት ለብዙ ሳምንታት እንዲቆይ ወይም ቶሎ እንዲወርድ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው አይተው የወጡ ሰዎች ለጎረቤትና ለባልንጀራ የሚያወሩት ወሬ ነው። በዚያ ወሬ የብዙ ሠራተኞች እንጀራ፣ አንዳንድ ጊዜም የሌላ ሰው ስምና ክብር ይመዘንበታል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ለፊልም የሚሰጥ ነጥብ ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ምስክር ይሻል። አባቶቻችን «በልሃ ልበልሃ» እየተባባሉ በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገቱ፣ ዳኛው የምስክሩን ቃል ሳይሰማ ፍርድ መስጠት እንደ ነውር ይቆጠርበት ነበር። ዛሬም «ከዐሥር ስምንት» የሚል ሰው ከቁጥሩ አስቀድሞ ያየውን ሊመሰክር ይገባዋል።

1. ፊልም በከተማችን

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን፣ ማለት በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድና ሲሮጥ ማየት ለዚያ ትውልድ ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ የሆነ ነገር ስለ ነበረ ስያሜው አያስደንቅም። ይህ ስም በከተማችን ለፊልም የተሰጠ የመጀመሪያው ነጥብ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ስሙን ካዳረሱት ሰዎች ብዙዎቹ በደጅ ያለፉ እንጂ ገብተው ያዩ አልነበሩ ይሆናል። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተሰኘው፣ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም የሚባለው ሥራ ለሕዝብ ታየ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በየሰፈሩ የተከፈቱት የቪዲዮ ቤቶች የህንድንና የካራቴን ፊልሞች እስከ ድሀው ልጅ ድረስ አደረሱ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች በሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ረጅም ሰልፍ አሰለፉ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ አገር ድራማዎችን ማሳየት ሲጀምር ደግሞ ስለ ባህልና ስለ አገር ውስጥ ኪነ ጥበብ ብርቱ ክርክር ተነሣ።

በዚህ ሁሉ ጉዞ አንድ ነገር ተለውጧል። በሲኒማ ኢትዮጵያም ሆነ በአምባሳደር አዳራሽ፣ ወይም በጠባቡ የቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ፣ ሰው የሚስቀውም የሚያለቅሰውም ከሰው ጋር ነበር። ዛሬ ብዙው ወጣት በእጅ ስልኩ ለብቻው ያያል። አብሮ ማየቱ በቀነሰ መጠን አይቶ የመነጋገሩ ጥቅም ይበዛል፤ ፊልሙን ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር የሚያገናኘው ቀሪው ድልድይ ንግግሩ ነውና።

2. በመመደብ የተገኘ ልምድ

ፊልምን በደረጃ መመደብ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዚህ ረገድ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም ረጅም ልምድ አላት። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ካቶሊኮች ፊልሞችን በሦስት ፊደላት ይመድቡ ጀመር። የመጀመሪያው ፊደል የማይነቀፈውን፣ ሁለተኛው በከፊል የሚነቀፈውን፣ ሦስተኛው የተወገዘውን ያመለክት ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ሲኒማ በጻፉት መልእክት ይህን ጥረት አመስግነው፣ በየአገሩ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም አሳሰቡ። ወላጅ ልጁን የት እንደሚልክ እንዲያውቅ ያገዘ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ፊደል ምክንያቱን አይናገርም፤ ምእመኑም ፊደሉን ያጠናል እንጂ ማመዛዘንን አይለምድም።

በታኅሣሥ ወር 1963 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ያወጣው ውሳኔ በዚህ ላይ ጠቃሚ አሳብ ጨመረ። ኃላፊነቱ የሠሪዎች ብቻ ሳይሆን የተመልካቾችም መሆኑን አመለከተ፤ ወጣቶችም ያዩትን ከመምህራንና ከባለሙያዎች ጋር ተወያይተው ትክክለኛ ፍርድ መስጠትን እንዲለማመዱ መከረ። በሚቀጥለው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የካቶሊክ ዓለም አቀፍ የሲኒማ ድርጅት የፓዞሊኒን «ወንጌል በማቴዎስ» ሸለመ። ፓዞሊኒ እምነት እንደሌለው በግልጥ የሚናገር ማርክሳዊ ነበር። ሸላሚዎቹ ከሠሪው ማንነት ይልቅ በመጋረጃው ላይ የታየውን መዘኑ።

ሲኒማ 100 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ቫቲካን 45 ፊልሞችን በሦስት ክፍል መድባ ስማቸውን አወጣች፤ 15 በሃይማኖት፣ 15 በሰብአዊ እሴት፣ 15 በኪነ ጥበብ። በእሴት ክፍል ከተጠቀሱት አንዱ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ደ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ሥራ ፈትቶ የኖረ አባት ለሥራው የግድ የምታስፈልገው ብስክሌት ትሰረቅበታለች፤ ከትንሽ ልጁ ጋር ሮማን ሲያስስ ይውላል፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ እርሱ ራሱ በልጁ ፊት ሊሰርቅ ይሞክራል። በሾላ ገበያ ዕቃ በጋሪ እየገፋ የሚያድር ሰው ጋሪው ቢጠፋበት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ይኸው ፊልም በ1950 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፊልም ኢንዱስትሪው የቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ማኅተም ተከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም ሁለት አጫጭር ትዕይንቶች ይቆረጡ ተብሎ ዳይሬክተሩ እምቢ በማለቱ ነው። የቁጥጥሩ ሰዎች ሁለቱን ትዕይንቶች አይተው ፈረዱ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ዝርዝሩን ያወጡት ደግሞ ሙሉውን ታሪክ አይተው ፈረዱ።

3. ከነጥቡ በፊት የሚመጡ አራት ጥያቄዎች

ከዚህ ልምድ ተነሥተን ማንኛውም ተመልካች፣ ወጣትም ሆነ ሽማግሌ፣ ሊጠይቃቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

ሀ. ምን አየሁ?

ይህ ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ከሁሉ ይከብዳል። ብዙዎቻችን ያየነውን ስንጠየቅ የተሰማንን እንናገራለን፤ «ያስለቅሳል»፣ «ይደብራል»፣ «አሪፍ ነው» እንላለን። እነዚህ ቃላት ስለ ተናጋሪው ይነግሩናል፤ ስለ ፊልሙ ግን የሚያስታውቁት ጥቂት ነው። «እናቲቱ ደብዳቤውን ሳታነብ ምድጃ ውስጥ ጣለችው፤ ልጁም በበሩ ቀዳዳ ያያት ነበር» የሚል ሰው ግን ምስክርነት ሰጥቷል። ሰሚውም ሊጠይቀው፣ ሊያርመው፣ ሊሟገተው ይችላል።

ለ. በምን ቋንቋ ተነገረኝ?

ፊልም የሚናገረው በቃል ብቻ አይደለም። በብርሃንና በጥላ፣ በዝምታና በድምፅ፣ ካሜራው በቀረበበትና በራቀበት፣ አንዱ ትዕይንት ከሌላው ጋር በተያያዘበት መንገድ ይናገራል። የቅኔ መምህር ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እንደሚፈልግ፣ ተመልካችም ከታሪኩ በስተኋላ ያለውን አነጋገር ሊፈልግ ይገባዋል።

ለምሳሌ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እንመልከት። ይህ ፊልም በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። አንዳንድ ተመልካች ግን «ይዘበራረቃል፤ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይዘላል» ብሎ ይነቅፈዋል። ነቀፋው ያየውን በትክክል ይናገራል፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቀም። ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና የተማረ፣ አብዮቱን አይቶ፣ አካሉ ጎድሎ፣ ትዝታው ተቆራርጦ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ሰው ነው። ፊልሙ የሚሄደው በእርሱ የቆሰለ አእምሮ መንገድ ነው። ይህን ተረድቶም «አልወደድኩትም» ማለት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን አስተያየቱ ክብደት ይኖረዋል።

ሐ. እውነት ነውን?

ልብ ወለድ ፊልም በእርግጥ የደረሰ ነገር ይናገር ዘንድ አይገደድም። ሰው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ እንዲህ ይሆናል ወይ ተብሎ ግን ይጠየቃል። በዚህ ጥያቄ ረገድ በእንጦጦ ሥር የሚኖር ምእመን ከማንም የማያንስ ዳኛ ነው።

በማለዳ የሚነሣ ሰው በእንጦጦ ቀዝቃዛ አየር የሚሠለጥኑትን ሯጮች ያያል፤ ትንፋሻቸውን፣ ዝምታቸውን፣ አንዱ ሲዘገይ ሌላው የሚያደርገውን ያውቃል። ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራውንና በ2010 እ.ኤ.አ. አገራችን ለኦስካር ውድድር ያቀረበችውን «አትሌቱ» የተሰኘ ፊልም ወይም ሌላ ስለ ሯጮች የተሠራ ሥራ ሲያይ፣ ሩጫው የሯጭ ሩጫ ይሁን ወይም የተዋናይ ብቻ ይሁን ለመለየት የማንም እርዳታ አያስፈልገውም።

እንዲሁም ከባሕር ዛፉ ጫካ የማገዶ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱትን እናቶች እናስብ። ሸክሙ ወገብን እንዴት እንደሚያጎብጥ፣ ቁልቁለቱ ጉልበትን እንዴት እንደሚፈትን፣ እረፍት ባገኙ ጊዜ ምን እንደሚጨዋወቱ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ያውቃል። እንጦጦ በፊልምና በሙዚቃ ሥራዎች ውስጥ ለፍቅረኞች ማማሪያ ሆኖ ሲቀርብ፣ እነዚህ እናቶችም ከኋላ እንደ ሥዕል ሲያልፉ ብናይ፣ «ካሜራው አንዲቱን ቀርቦ ለምን አላያትም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ የፊልም ሒስ ነው።

መ. ለማን ዕዳ አለበት?

አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ፊልም ከሰው ሕይወት ተወስዶ፣ በሰው ድካም ተሠርቶ፣ ለሰው የሚቀርብ ነገር ስለ ሆነ የፍትሕ ጥያቄ አይለየውም።

በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት፣ ራሷን መከላከሏ ታውቆ በነጻ ተለቀቀች። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቷል። በዚህች ልጅ ታሪክ ላይ የተመሠረተው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ በጀርመንም በበርሊን ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። የተመልካቾች ሽልማት ማለት አይተው የወጡ ሰዎች በሰጡት ድምፅ የሚገኝ ሽልማት ነው። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ በአዳራሹ ከተሰበሰበ በኋላ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ እግዱ የተጠየቀውም የባለታሪኳ ፈቃድ አልተገኘም በሚል ነበር። ቆይቶ ጉዳዩ በስምምነት ተፈትቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ።

የሰንዳንስና የበርሊን ተመልካቾች በመጋረጃው ላይ ባዩት ነገር በቅንነት ፈረዱ፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለችውን ሴት ግን አላዩአትም። ፊልሙ ስለ ጠለፋ ለዓለም በመናገሩ ትልቅ ጥቅም እንዳለው አንክድም። ሆኖም «ድፍረት» የሚለው የአማርኛ ቃል ጀግንነትንም መደፈርንም የያዘ ሁለት ፊት ያለው ቃል መሆኑ ተመልካችን ሊያሳስብ ይገባል። የሌላውን ሰው መከራ የሚተርክ ሥራ ስናመሰግን፣ ባለቤቱ ተጠይቆ እንደ ሆነ መጠየቅም የፍርዳችን ክፍል ይሁን።

ከዚሁ ጋር አንድ ቅርብ ጉዳይ እንጨምር። ያለ ፈቃድ የተባዛ የፊልም ቅጂ በርካሽ ገዝቶ ወይም በፍላሽ አስገልብጦ ያየ ሰው ስለ ፊልሙ ጥራት ጉድለት ሲያማርር፣ ለድምፅና ለብርሃን ባለሙያው ሊደርስ የሚገባውን ገንዘብ አስቀርቶ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር።

4. ስለ ቁጥሩ

ነጥብ መስጠት ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ጊዜ ያነሰው ሰው ምን ማየት እንደሚሻል እንዲያውቅ ይረዳል፤ ተወዳጅ ሥራዎችንም ለማክበር ያገለግላል። በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የጉማ የፊልም ሽልማት ለፊልም ባለሙያዎች መበረታቻ ሆኖ ቆይቷል። ስሙን የወሰደው ከቀድሞው «ጉማ» ከተሰኘው ፊልም ነው፤ ጉማ በኦሮሞ ባህል የፈሰሰ ደም በካሣና በዕርቅ የሚዘጋበት ሥርዓት መሆኑ ይታወቃል።

ነገር ግን ቁጥር የሚሰውረው ነገር አለ። 20 ሰዎች አንድ ፊልም አዩ እንበል። ዐሥሩ 9 ሰጡት፤ ዐሥሩ 3 ሰጡት። አማካዩ 6 ይሆናል። ከ20ዎቹ መካከል ግን ፊልሙ 6 ይገባዋል ያለ አንድም ሰው የለም። ፊልሙ ሰዎችን ለሁለት የከፈለበት ምክንያት፣ ማለት ለውይይት የሚበጀው ዋናው ቁም ነገር፣ በአማካዩ ውስጥ ተቀብሯል። ስለዚህ ወጣቶች ነጥብ ሲሰጡ ብንሰማ መከልከል አይገባንም፤ «9 ያልከው በየትኛው ትዕይንት ነው? 3 ያልሽውስ?» ብለን እንጠይቃቸው።

5. ለመምህራን የሚሆን የአሠራር ምክር

በየቁምስናው የወጣቶች ስብሰባ ላይ ፊልም አሳይቶ ለማወያየት የሚፈልግ መምህር ወይም መምህርት የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቀማል።

1) ፊልሙን አስቀድሞ ለብቻው ሙሉውን ይይ፤ ለታዳሚዎቹ ዕድሜ የሚስማማ መሆኑንም ያረጋግጥ።

2) ፊልሙ እንዳለቀ ለጥቂት ደቂቃ ዝምታ ይሁን። የመጀመሪያው አስተያየት የሌሎቹን አፍ እንዳይዘጋ ይህ ይረዳል።

3) በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ያየውን አንድ ትዕይንት ብቻ ይናገር፤ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» የሚሉት ቃላት በዚህ ዙር አይፈቀዱ።

4) በሁለተኛው ዙር ከላይ የተጠቀሱት ሌሎቹ ሦስት ጥያቄዎች በተራ ይቅረቡ። በዕድሜ ትንሹ ይጀምር፤ መምህሩ በመጨረሻ ይናገር። መምህሩ አስቀድሞ ከፈረደ ተማሪዎቹ የእርሱን ፍርድ ይደግማሉ።

5) ነጥብ በመጨረሻ ይሰጥ። አሳቡን የለወጠ ካለም ምን እንደ ለወጠው ይጠየቅ።

ለዚህ ልምምድ መግቢያ የሚሆን ወጪ የሌለው ትምህርትም በአጠገባችን አለ። ወጣቶቻችን፣ በተለይም የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ ወደ ተራራው መውጣትን ይወዳሉ። በመንገድ ላይ ለሩብ ሰዓት ስልካቸውን ዘግተው የሚያዩትን እንዲመለከቱ፣ ከዚያም ማን ምን እንዳየ እንዲነጋገሩ ይደረግ። አንዱ ሯጩን፣ ሌላዪቱ እንጨት ተሸካሚዋን እናት፣ ሦስተኛው የከተማውን ጣሪያና ጭስ ያያል፤ በአንድ መንገድ ሄደው ያዩት ልዩ ልዩ መሆኑ ያስገርማቸዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ፊልም ሲመለሱ «አንተ ያላየኸውን እኔ አየሁ» መባባል ጠብ መሆኑ ይቀራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በዚህ ወር ካያችሁት ፊልም አንድ ትዕይንት መርጣችሁ፣ ስሜታችሁን ሳትጨምሩ፣ ላላየው ሰው ተርኩለት። ምን አስቸገራችሁ?

2. ሰፈራችሁን ወይም ሥራችሁን በፊልም ውስጥ አይታችሁ ታውቃላችሁን? እውነት የሆነውና ያልሆነው የቱ ነበር?

3. የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ፊልም ሊሆን ቢታሰብ፣ ባለታሪኩ ምን ምን ሊጠየቅ ይገባል? ባለታሪኩ «አይሆንም» ቢል፣ ታሪኩ ግን ለብዙዎች ትምህርት ቢሆን፣ ምን ትፈርዳላችሁ?

4. በቤታችሁ ልጆች በስልክ ያዩትን ፊልም ለወላጆቻቸው የሚተርኩበት ጊዜ አለን? ከሌለ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በቡና ሰዓት፣ እንዴት ልትጀምሩት ትችላላችሁ?